አያቴ የነገረችኝን ልጻፍ ወይስ ርዕስ ልቀይር?

እትዬ ሰላም ነዎት? ዓምድዎን ከሥራ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ነው የማነበው፣ መጻፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው፣ ስሜ ይቆየኝ። 27 ዓመቴ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። አባቴ የገላን ኦሮሞ ነበር፣ አርፏል፣ እናቴ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፣ ቤት ውስጥ በአማርኛ ነው ያደግነው። ኦሮምኛ እሰማለሁ፣ ስመልስ ግን እንደ ህጻን ነው የምንተባተበው። ቀን እሰራለሁ ማታ ማስተርሴን እማራለሁ፣ አሁን ቴሲስ ላይ ነኝ፣ ያው እንቅልፍ የለም።

የአባቴ እናት (እኛ አኮ ነው የምንላት) ገላን በኩል ከድሮ ይዞታዋ በተረፈች ጓሮ ላይ ጭቃ ቤት ውስጥ ትኖራለች። ማሳው በ2005 ለልማት ተብሎ ተወሰደ። ካሳ ተሰጥቷታል፣ አልተሰጣትም አልልም፣ ብሩ ግን ሦስት ዓመት እንኳን አልቆየም፣ አሁን የድሮው አውድማ ላይ ባለፈው አስፋልት ዳር እንቁላል ትሸጣለች። ቴሲሴ ስለሷና እንደሷ ስላሉ ሴቶች ነው፣ መሬቱ ሲሄድ አብሮ ምን ምን እንደሄደ፣ ዘፈኑ፣ ደቦው፣ የሲንቄው (ያገባች ኦሮሞ ሴት የምትይዘው የክብር በትር) ነገር። አኮ ከአርሲ ነው ተድራ የመጣችው፣ የሰርጓ ቀን እናቷ የሰጠቻት ሲንቄ እስከ ዛሬ ከበሩ ጀርባ ቆሟል፣ ጭስ አጥቁሮታል፣ መሃሉ ላይ ግን ቅቤ ስለምትቀባው እጅ የሚይዝበት ቦታ ያበራል።

አምስት ቅዳሜ ሄጄ በስልኬ ቀዳኋት። አራተኛው ቅዳሜ ላይ ያልጠበቅኩትን ነገረችኝ፣ የካሳው ወረቀት ላይ የባሏ ወንድም ቀድሞ ፈርሞ ነበር፣ እሷን ምን እንደሚል ሳያነቡላት አውራ ጣቷን አስነኳት። አለቀሰች። ይሄን ላጎቴ ልጅ ነገርኩት፣ እሱም "ህዝብ መስማት አለበት" ብሎ ለመነኝ፣ እኔም ሞኝ ነኝ አራት ደቂቃ ቆርጬ ላኩለት፣ ቲክቶክ ላይ ለጠፈው። ኮመንቱን አልነግርዎትም። የባሏ ወንድም ቤተሰብ ጎረቤት ነው፣ እድሩም አንድ ነው፣ ሚስትየዋ ቡና መምጣት አቆመች። አኮ አልተቆጣችኝም። ግን ከዛ ወዲህ ስሄድ ስለ ዶሮዎቿ ብቻ ነው የምታወራኝ።

አድቫይዘሬ ደግሞ ፕሮፖዛሌን አይቶ "ይሄ ምርምር ነው ወይስ ጥብቅና? ዲፌንስ ላይ ስለ አያትሽ ስታለቅሺ ነው የሚታየኝ" አለኝ። ያጎቴ ልጅ "ኦሮምኛ እንኳን በቅጡ የማትናገሪ ምን አገባሽ፣ ወይ እኔ እንደምልሽ ጻፊ ወይ ተይው" ይላል። እማዬ የባሰች ናት፣ "እኔ የምኖርበት ቤት ምን ላይ የተሰራ ይመስልሻል? እኔን ልትጽፊ ነው?" አለችኝና ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ማክሰኞ አድቫይዘሬን አገኘዋለሁ። ስለ ሞባይል ባንኪንግ አንድ ተጠባባቂ ርዕስ አለኝ። ልቀይር?

*

ልጄ ሰላም ነሽ? ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ሁለቴም የቆምኩት አንድ ቦታ ላይ ነው፣ አድቫይዘርሽ ጋ አይደለም፣ ዶሮዎቹ ጋ። አንዲት ሴት ለልጅ ልጇ ለአስር ዓመት በሆዷ የያዘችውን አውጥታ ነግራ ከዛ በኋላ ስለ ዶሮ ብቻ ማውራት ከጀመረች በሩን ዘግታዋለች ማለት ነው፣ አልጮኸችም እንጂ። ስለዚህ የጠየቅሽኝ ስለ ርዕስ ቢሆንም እኔ ከዛ አልጀምርም፣ አትቀየሚኝ።

ማክሰኞ ሳይደርስ ሂጂላት። ስልክሽን ቤት ጥለሽው ሂጂ፣ ቦርሳ ውስጥ እንኳን አይኑር፣ ስልኩን ስታይ ምን እንደሚሰማት አስቢው። ከመሄድሽ በፊት ደግሞ ያጎትሽ ልጅ ቪዲዮውን ያውርደው። ሰው ፊት አትናገሪው፣ ኮመንት ላይማ በጭራሽ፣ ለብቻው አግኝተሽ "አኮን አላስፈቀድናትም፣ እኔም አንተም አጥፍተናል" በይው፣ "አጠፋህ" ካልሽው ክርክር ይሆናል፣ "አጠፋን" ካልሽው ግን የሚከራከርበት የለውም። ለአኮ ግን ጠፍቷል ብለሽ ቃል አትግቢላት፣ ማን ዳውንሎድ እንዳደረገው አይታወቅም፣ እሱንም በግልጽ ንገሪያት። ሌላ ምንም ማስረዳት አያስፈልግም። ቡና ይዘሽ ሂጂ፣ አፍዪላት፣ ይቅርታ በያት፣ እሷ ዝም ካለች አንቺም ዝም በይ። ዶሮዎቹን ካነሳች ስለ ዶሮዎቹ ስሚ።

አሁን ስላጎትሽ ልጅ። ንዴቱን አልወቅስበትም፣ መንገዱን ነው የማልወደው። እኔ ሦስተኛ ክፍል እያለሁ አጠገቤ የሚቀመጥ ቶሎሳ የሚባል ልጅ ነበር፣ አስተማሪው ስም ሲጠራ ተስፋዬ ነው የሚለው፣ "ይሄ ይሻልሃል" ብሎት ነው አሉ። ልጁ መጀመሪያ አካባቢ አቤት አይልም ነበር፣ እኛ እንስቅበታለን፣ እኔም ስቄያለሁ። በኋላ አቤት ማለት ጀመረ። አሁን በሃምሳ ምናምን ዓመቴ አንዳንዴ ሌሊት የሚመጣብኝ እሱ አቤት ያለበት ቀን ነው። ይሄ ትንሹ ነው፣ በንጉሡ ጊዜ በኦሮምኛ ማስተማርም ፍርድ ቤት መናገርም አይፈቀድም ነበር፣ በ1955 የተቋቋመው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማህበር ትምህርት ቤትና መንገድ እየሰራ ጥቂት ዓመት እንኳን ሳይቆይ ነው የተዘጋው፣ ቁቤ ይፋ የሆነው ገና በ1984 ነው። ያጎትሽ ልጅ ይሄን ሁሉ ከነ ሂሳቡ ተቀብሎ ነው የተወለደው፣ "ህዝብ መስማት አለበት" ሲልሽ ውሸቱን አይደለም። ግን "ህዝብ" ሲል አኮ የሱ አካል መሆኗን ረስቷታል።

"ኦሮምኛ የማትናገሪ ምን አገባሽ" ላለሽ ግን አንድ ነገር ልበልሽ። ገዳን ለዓለም ዩኒቨርሲቲዎች በደንብ ካስተዋወቁት አንዱ አስመሮም ለገሰ ነው፣ ኤርትራዊ አንትሮፖሎጂስት፣ ቦረና ሄዶ ኖሮ አጥንቶ በ1973 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን አሳተመ። ዩኔስኮ በ2016 እ.ኤ.አ. ገዳን ሲመዘግብ ከሱ ጥናት በኋላ ከአርባ ዓመት በላይ አልፎ ነበር። ማለቴ ደም ይዞ መወለድ ግዴታ አይደለም፣ ቁጭ ብሎ መማር ነው ግዴታው። ስለዚህ መንተባተብሽን አትደብቂው፣ ቴሲስሽ ውስጥ ጻፊው። አስተርጓሚ ያዢ፣ ግን ከቤተሰብ እንዳይሆን፣ ዘመድ ሲተረጉም ያጠራል፣ ያለዝባል፣ አንዳንዴም ያጋግላል። አኮ ያለችውንም በራሷ ቋንቋ በቁቤ አስቀምጪው፣ ትርጉሙን ከጎኑ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው የተሳሳትሽበትን እንዲያይብሽ።

ወደ አድቫይዘርሽ እንምጣ። ምርምር ነው ወይስ ጥብቅና ያለሽ ነገር እኔ ብሆንም የምጠይቅሽ ነው፣ ጥያቄውን እንደ ጠላት አትቁጠሪው። የዛፍ ስር ሽምግልና አይተሽ ታውቂያለሽ? ምስክር ሲቆም ያየሁት ይሄንን ነው፣ የሰማሁት ይሄንን ነው ይላል፣ ዘመዱ ቢሆንም ማለት ነው፣ ጠበቃ ግን የሚጠቅመውን ብቻ መርጦ ያወራል። አንቺን የምፈልግሽ ምስክር ሆነሽ ነው። ስሜት ይጠፋል ማለት አይደለም። አባ ባሕርይን ታውቂው ይሆናል፣ የጋሞ መነኩሴ ነበር፣ በ1593 እ.ኤ.አ. ስለ ኦሮሞ ሲጽፍ አገሩ ተወርሮበት ተሰዶ ነው፣ ርዕሱ ላይ ያለው ቃል ዛሬ ስድብ ነው፣ ንዴቱም ከወረቀቱ ላይ ይፈሳል። ግን ያ የተፈናቀለ ሰውዬ ሉባዎቹን (በገዳ በየተራቸው ሥልጣን የሚይዙትን ትውልዶች) ተራ በተራ በየስምንት ዓመቱ እየቆጠረ ስማቸውን መዝግቧል፣ የኦሮሞ ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ እየተከራከሩትም ቢሆን ይጠቀሙበታል። ተቆጥቶ የጻፈው ቁጣው ቀረና የቆጠረው ተረፈ። አንቺም ዲፌንስ ላይ ብታለቅሺ እንኳን (ብታለቅሺም ምንም አይደለም) ሠንጠረዡ ትክክል ይሁን።

ሠንጠረዥ ያልኩሽ ቀልዴን አይደለም። የአኮ ብር ለምን ሦስት ዓመት እንዳልቆየ እንደ እድል አታውሪው፣ ሂሳብ ነው። በ2005 ይሰራ የነበረው አዋጅ 455/1997 ነው፣ መሬቷ ለዘለቄታው የተወሰደባት ገበሬ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢዋ ተሰልቶ በ10 ተባዝቶ ይሰጣት ነበር። በወረቀት አስር ዓመት ይመስላል አይደል? ግን አማካዩ የተወሰደው ካለፉት ዓመታት ነው፣ ጤፍ ርካሽ ከነበረበት ጊዜ ጭምር፣ እሷ ደግሞ ጤፉን መግዛት የጀመረችው ከዛ በኋላ በተወደደበት ዋጋ ነው። ድሮ ከጎተራ የሚወጣው፣ ከጓሮ የሚቀነጠሰው ጎመን፣ ኩበቱ፣ ወተቱ፣ ይሄ ሁሉ በአንዴ በብር ሆነ። አስር ዓመት የተባለው ሦስት ዓመት የሚሆነው እንዲህ ነው። ኋላ የመጣው አዋጅ 1161/2011 ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ ተወስዶ በ15 ይባዛል አለ፣ ይሄ ራሱ የድሮው ስሌት እንዳልበቃ የሚመሰክር ነው፣ አንቺ መጮህ አያስፈልግሽም። ሁለቱን ስሌት በአኮ ማሳ ላይ አስቀምጪው፣ ስንት ኩንታል ታመርት ነበር፣ የዚያን ጊዜ ዋጋ ስንት ነበር፣ የካሳ ወረቀቷ ላይ ስንት ተጻፈ፣ ልዩነቱ ስንት ነው። ወረቀቷ ሳጥን ውስጥ በፌስታል ተጠቅልሎ እንዳለ እወራረዳለሁ፣ እናቶቻችን ምንም አይጥሉም።

ከዛ ሕገ መንግሥቱን ክፈቺ፣ አንቀጽ 39 ንዑስ 2 እያንዳንዱ ብሔር ቋንቋውን የማሳደግ ባህሉን የመግለጽ ታሪኩን የመንከባከብ መብት አለው ይላል፣ አንቀጽ 40 ደግሞ ገበሬ ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዳለውና መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል እንዳለበት ነው የሚለው። ማክሰኞ ይሄን ይዘሽ ግቢና "ጥያቄዬ ሕጉ ያለውና የሆነው ምን ያህል ተራራቁ ነው" በይው። "ምን ብጨምር ምርምር ይሆንልሃል?" ብለሽ ጠይቂው፣ ርዕሱን ለመከላከል አትሂጂ። ብዙ አድቫይዘር ፍርሃቱን ነው በዘዴ የሚነግርሽ፣ የሚፈራው ምን እንደሆነ ከነገረሽ ግማሹን ጨርሰሻል። ምናልባትም "ቃለ መጠይቅ ካንድ ወገን ብቻ ነው" ሊልሽ ይችላል፣ ልክም ነው፣ ለመሬት አስተዳደር የሚሆን የትብብር ደብዳቤ ከዲፓርትመንቱ አጽፊና እነሱንም ስሚ፣ ያኔ ልኬት የሰራ ባለሙያ ካገኘሽ የሚነግርሽ ነገር ሊያስደነግጥሽ ይችላል።

አንድ ያላሰብሽው ሰው ደግሞ አለ፣ እናትሽ። "እኔን ልትጽፊ ነው?" ስትል አዎ በያት፣ ግን እንደ ከሳሽ አይደለም። እናትሽ መሬት አልቀማችም፣ ምናልባት በ1997 ተመዝግባ ከኪራይ ኪራይ እየዞረች ዓመታት የጠበቀች፣ 20/80 ስትቆጥብ ሻይ ቤት መቀመጥ የተወች ሴት ናት፣ እጣው ሲወጣ እልል ያለችው በአኮ ላይ አይደለም። ሁለት ሴቶች፣ ለአንዷ ባል ለሌላዋ ልጅ የነበረ አንድ ሰው የሞተባቸው፣ አንዷ ቤት ያገኘችበት ዘመን ሌላዋ ማሳ ያጣችበት ዘመን ሆነ። ይሄን ሌላ ተመራማሪ ቢፈልግ አያገኘውም፣ አንቺ ግን ማታ ማታ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠሽ ቴሌቪዥን ታይዋለሽ። ልቅዳሽ አትበያት፣ መጀመሪያ "ቤቱ እስኪደርስሽ እንዴት ነበር?" ብለሽ ጠይቂያት፣ ማንም ጠይቋት አያውቅም ይሆናል። 

የባሏ ወንድም ነገር ከባዱ ነው። እኔን ብትሰሚኝ ፊርማውን በስም፣ በዝምድናም ጭምር አትጻፊው። ቴሲስ ላይብረሪ ይገባል፣ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል፣ "የባሌ ወንድም" የሚል ቃል ገላን ውስጥ ስም ከመጥራት አይለይም። ግን ነገሩ ራሱ፣ ሴት ወረቀት ሳይነበብላት ጣቷን ማስነካቱ፣ እሱ መቅረት የለበትም። ስለዚህ ሌሎች ስድስት ሰባት ሴቶች ፈልጊ፣ ከሌላ ቀበሌ ጭምር፣ የመሬት ይዞታ ደብተሩ በማን ስም ነበር፣ ማን ፈረመ፣ ማን አነበበልሽ ብለሽ ጠይቂ። ከአንድ በላይ ሴት ላይ የሆነ ከሆነ የማንም ቤት ገመና ሳይሆን አሰራር ሆኖ ይወጣል። የሆነው አኮ ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ሽማግሌ ነው የሚያየው እንጂ ኤግዛሚነር አይደለም። እግረ መንገድሽን፣ ሰውዬው ራሱ ምን ተብሎ እንደፈረመ የጠየቀው አለ?

ስም ካነሳን ላይቀር። የምርምር ሕጉ ስም ቀይሪ ነው የሚልሽ፣ መነሻው ጥሩ ነው፣ ሰው እንዳይጎዳ። ግን አስቴር ጋኖን አስቢ። በልጅነቷ በባርነት ተሸጣ በመርከብ ስትወሰድ በ1886 እ.ኤ.አ. ጣልያኖች መርከቡን ይዘው ነጻ የወጣች ልጅ ናት፣ ኤርትራ ምንኩሉ የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባች፣ በልጅነቷ የሰማችውን የኦሮሞ ተረት፣ ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ከጭንቅላቷ አውጥታ 500 ያህል ጻፈች፣ በ1899 እ.ኤ.አ. ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም ከተርጓሚው ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ብዙ ለፍታበታለች። ለረጅም ጊዜ ግን ሰው የሚያነሳው ኦነሲሞስን ብቻ ነበር። ሴት መረጃ ሰጪ ቁጥር 3 ተብላ ስትቀር ትጠበቃለች፣ ግን ትጠፋለችም። ስለዚህ ለሁለት ክፈይው፣ የካሳው ታሪክ ስም የለሽ ይሁን፣ ዘፈኖቹና የሲንቄው ታሪክ ግን የማን እንደሆኑ አኮን ጠይቂያት፣ ስሜ ይጻፍ ካለች ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ጻፊው። መልሱን አንቺ አትወስኚላት፣ ያጎትሽ ልጅም አይወስን።

ደግሞ አንድ ጥያቄ፣ አኮ ራሷ የምትፈልገው ምንድነው? መሰማት ነው? ካሳው እንዲታይላት ነው? ወይስ ያቺ ጎረቤቷ ተመልሳ ቡና እንድትጠጣ ብቻ ነው? አቤቱታ ከሆነ ያማራት ቴሲስ መንገዱ አይደለም፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አለ፣ እንባ ጠባቂ አለ፣ አቤቱታ ለመቀበል ገንዘብ አይጠይቁም፣ አብረሻት ትሄጃለሽ። የቡናው ነገር ከሆነ ደግሞ ምንም ተቋም አይፈታውም፣ ቪዲዮውን ያወጣችሁት እናንተ ሁለት የልጅ ልጆች አንድ ቀን ተነስታችሁ ያቺን ሴትዮ ቤቷ ሄዳችሁ ይቅርታ ትላላችሁ። ከአኮ ቀድማችሁ ግን አትሂዱ፣ የሷን ሃሳብ ስሙ።

ርዕስ ልቀይር ላልሽው፣ መልሴ የአኮ መልስ ነው። አይሆንም ካለች ያለ ጸጸት ሞባይል ባንኪንግሽን ጻፊ፣ ተመረቂ፣ ዘፈኖቹን ለቤተሰብ አስቀምጫቸው፣ ሽንፈት አይደለም፣ ሌላ ዓመትም አለ። የዘፈኑን እንጂ የካሳውን አይሆንም ካለች እሱም ራሱን የቻለ ቴሲስ ነው። እሺ ካለች ደግሞ ምን ምን ላይ እሺ እንዳለች በራሷ ቋንቋ ይጻፍ፣ ይነበብላት፣ ሁለቴ ይነበብላት፣ ከዛ ነው ጣቷን የምትጠይቂው። ያኔ ሳይነበብላት ያስነኳት ጣት ስለሆነ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሂጂ፣ ጠዋት ገበያ ስላላት። ማክሰኞ ምን እንደተባልሽ ጻፊልኝ፣ ዶሮዎቹም ስንት እንደደረሱ ንገሪኝ።